ስለቱ በማይክራፎን ሲነገር

አባቴ በደባርቅ ዙሪያ ላሉ ገበሬዎች የከብት ሐኪም ነበር። የመንግሥት ወረቀት ላይ «ረዳት» የምትል ቃል ከፊቱ አለችበት፤ ገበሬው ግን ረዳት ብሎ ነገር አያውቅም፣ «ዶክተር» ነው የሚለው። ክትባት ሊሰጥ እስከ በየዳና አምቢኮ በበቅሎ ይወጣል። የዚያ አገር ብርድ ቀልድ አያውቅም። ላሟ የተከተበችለት ሁሉ ወይ ጠላ ወይ አረቄ ይዞ በር ላይ ይቆማል፣ እንቢ ማለት ደግሞ ቤቱን መናቅ ነው። አባቴ ብዙ ላም ከተበ። እኔ ነፍስ ሳውቅ ከመስክ ሲመለስ እሱ በቅሎዋን ሳይሆን በቅሎዋ እሱን ነበር እየመራች የምታመጣው።

ደባርቅ ደግሞ ገመና የሚደበቅባት ከተማ አልነበረችም። ዋናው መንገድ አንድ ነው፤ በመናኸሪያው አልፎ ወደ ሊማሊሞ ይወርዳል፤ አባቴም ሲወድቅ የሚወድቀው እዚያው መንገድ ዳር ነው። የክፍል ጓደኞቼ «አባትሽን ቦዩ ውስጥ አየነው» ሲሉኝ «ጨጓራውን ስለሚያመው ነው» እላለሁ። ጨጓራ ሰውን ቦይ ውስጥ እንደማያስተኛ እነሱም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሩቅ ካየሁት በሰው ጓሮ ዞሬ እገባለሁ። ማፈርን የለመድኩት እንዲህ ነው፣ በልጅነቴ፣ ደብተሬን በደረቴ አቅፌ።

እናቴ ገበያ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ ትሸጥ ነበር። እሷ ጸሎት በሹክሹክታ አታውቅበትም። ኪዳነ ምሕረትን የምታናግራት በአጥር ላይ ጎረቤቷን እንደምትጣራ አድርጋ ነው። አንድ ቀን አባቴን ሁለት ሰዎች ደግፈው አምጥተው መደቡ ላይ ሲያጋድሙት፣ እሱ እያንኮራፋ፣ እኛ ልጆቿ ሁላችን እየሰማን፣ እጇን ወደ ጣራው ዘርግታ ተሳለች። «ይኸን ሰውዬ ከመጠጥ ካላቀቅሽልኝ ባለ ዘርፍ ጥላ አስገባልሻለሁ!» አለች። ጥላ ያለችው በበዓል ቀን ታቦት ሲወጣ ከላይ የሚዘረጋውን ባለ ወርቅማ ዘርፍ ትልቁን ጃንጥላ ነው። የሽንኩርት ነጋዴ አቅም አልነበረም፤ እሷ ግን ቃሏን ሰጠች።

ጊዜ ወሰደ እንጂ ነገሩ ሆነ። አባቴ ከሥራ ሲመጣ እግሩን ታጥቦ ወደ ጓዳ መግባትና በሩን ከውስጥ መዝጋት ጀመረ። ጓዳችን የሽንኩርት ጆንያ የተደረደረበት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። እናቴ በመጀመሪያ ጠርሙስ ደብቆ ነው ብላ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ታዳምጥ ነበር። ምንም አይሰማም። አንድ ማታ ትዕግሥቷ አለቀና በሩን ደበደበችው፤ ከፍቶ ሲወጣ በሁለቱ ጉልበቶቹ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፎ ነበር። ያኔ ገባት። እኔም ገባኝ። አፉ አልሸተተም፤ ደግሞም ከሸተተን ብዙ ቀን ሆኖት ነበር።

«እግዚአብሔር እየረዳኝ ነው» አለን፣ ልጣጩን እያራገፈ። «ለሰው እንዳትናገሩ። በርህን ዘግተህ ጸልይ ነው የተባለው።»

እናቴ እሺ አለች። ግን ስለት አለባት። ስለት ሳይገባ ሲያድር ደግሞ እንቅልፍ የሚነሳት ሴት ናት፤ የተሰጠው ነገር ተመልሶ ይወሰዳል ብላ ትፈራለች። ከመከር በኋላ ሽንኩርቷን ጥርግ አድርጋ ሸጣ ጥላውን ከጎንደር አስመጣችና በአንሶላ ጠቅልላ አልጋ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ የንስሐ አባታችንን ጠራች። እሳቸው የትርጓሜ መምህር ነበሩ። ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ አይበቃቸውም፤ «አንድም» እያሉ ሁለትና ሦስት ይደርቡበታል። የተጣላ ጥቅስ አምጡልኝ እንጂ የማስታርቀው እኔ ነኝ የሚሉ ዓይነት ሰው ናቸው።

እናቴ ጠየቀቻቸው። «አባታችን፣ በሩን ዝጋ የተባለ ሰው ስለቱን በየት በኩል ነው የሚያስገባ?»

ሳቁ። «አየሽ ልጀ፣ በር ያለው የስሜት ሕዋሳት ነው፤ ዓይንህን ጆሮህን ሰብስብ ሲል ነው። አንድም በር ያለው አፍ ነው፤ ስትለምን አትለፍልፍ ሲል ነው። አንድም ጓዳ ያለው ልብ ነው። ከተሰጠ ወዲያ ግን ዳዊት ስለቴን በሕዝብ ሁሉ ፊት አደርሳለሁ ይላል። ልመናው በጓዳ፣ ምስጋናው በአደባባይ። አይጣሉም።» ከዚያ ጠላቸውን አንስተው ቆም አሉና «ባለቤትሽስ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ።

«እሱማ ምን ይላል፣ ደስ ይለዋል እንጅ» አለች እናቴ።

አባቴ ያን ዕለት አምቢኮ ነበር። ማንም አልጠየቀውም። ትርጓሜው ግን እንዲያ ሲያምር ደስ አለኝ፤ ለአንድ ልጅ ሁለት ተጣልተው የቆዩ ዘመዶች ታርቀው ቤቱ ሰላም ሲሆን የሚሰማው ዓይነት ደስታ ነው። እውነቱን ለመናገር ጥላውም ደስ ብሎኛል። ከዚያ በፊት የእኛ ቤት ስም በከተማው ሲነሳ ተከትሎት የሚመጣው ሳቅ ነበርና።

የካቲት ኪዳነ ምሕረት ደረሰች። ሰው ከዳባትም ከየገጠሩም ወጥቶ ግቢው ሞልቷል። ድምፅ ማጉያው ገና አዲስ ነው፤ ባሕር ዛፉ ላይ ከፍ ተደርጎ ታስሮ ገበያው ድረስ ይሰማል። አስተባባሪው ወጣት ዲያቆን ደግሞ ማይክራፎን ሲይዝ ሰው ሁሉ የሚያሳዝን ይመስለዋል፤ ሁሉን ነገር እያለቃቀሰ ነው የሚናገረው። ስለት ያላቸው ተሰለፉ። አንዷ ሻማ፣ አንዱ መጋረጃ፣ አንዱ ምንጣፍ። እናቴ ተራዋ ሲደርስ ወደ ዲያቆኑ ጆሮ ጠጋ ብላ ምክንያቱን ነገረችው። ሹክ ማለት አታውቅም ብያለሁ፤ ያን ዕለት ግን በእውነት ሹክ ነው ያለችው። የቀረውን የጨመረው እሱ ነው።

«ምእመናን! እኅታችን ባለቤታቸው፣ ሁላችሁም የምታውቋቸው የከብት ሐኪሙ፣ ለብዙ ዘመን በመጠጥ ጋኔን ተይዘው፣ ከየቦዩ እየተለቀሙ፣ ልጆቻቸው እየተራቡ ሲሰቃዩ ኖረው...» 

ተርበን አናውቅም። እንዲህ ብዬ መጮህ አማረኝ። በወንዶቹ በኩል አባቴን ፈለግሁት፤ ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ቆሟል። ዲያቆኑ ቀጠለ፤ በስለት ነጻ እንደወጡ፣ ዛሬ በመካከላችን ቆመው እንደሚገኙ፣ እልል እንድንል። ሰው እልል አለ። አባቴን የሚያውቁት ሁሉ ዞረው እያዩት ነው እልል የሚሉት። እሱም አጨበጨበ። እንደ ማንኛውም ሰው፣ ምሕረት ያገኘው ሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ፣ ቀስ ብሎ አጨበጨበ። እኔ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ቤት ስንገባ እናቴን «እንኳን አደረሰሽ» አላት። በማግሥቱ ቢሮ ሲሄድ የጥበቃው ሠራተኛ «እንኳን ማረህ» አለው። ጸሐፊዋም አለችው። ከአምቢኮ በቅሎ እየነዳ የመጣ ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቁሞት «ዶክተር፣ እመቤታችን ያን ነገር ጣለችልዎ አሉ፤ እሰይ፣ እኛስ ሞተውብን ነበር» ብሎ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ማንም ስለ ላም አላወራውም። ሳምንቱ ሲያልቅ አባቴ ከሥራ በቀጥታ ወደ ጠጅ ቤት ሄደ፣ ማታም ተደግፎ መጣ።

የሚቀጥሉትን ዓመታት ማውራት አልወድም። ጥላው በየበዓሉ ይወጣል፤ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ዘርፉ እያንጸባረቀ ሲሄድ እናቴ ከሴቶቹ ኋላ ትደበቃለች። «ስለቷ ተመለሰባት» ይላሉ። አንዳንዷም «ምን ብላ ዋሽታ ይሆን?» ትላለች። አባቴ ተደግፎ መምጣቱን ከጊዜ በኋላ ቢተውም በየማታው ጠጅ ቤት መግባቱን አልተወም፤ እስኪመሽ ብርሌ ይዞ ይቀመጣል። ሰከሩ ከሚባሉት መካከል ጭምት ሆነ፤ ሰውም «ለመደው፣ ሰውነቱ ቻለው» አለ። እናቴ አሁንም ትጸልያለች፤ ግን ድምፅዋ ጠፍቷል። ቤታችን ውስጥ የማውቀው ድምፅ ሲጠፋ እንዴት እንደከበደኝ መናገር አልችልም።

እኔ ተምሬ መምህር ሆንኩና ዳባት ተመደብኩ። ወንጌልን እንደገና ያነበብኩት እዚያ በኪራይ ቤቴ ነው፤ በቁጣ ነው ያነበብኩት። በዚያው በአንዱ ተራራ፣ በዚያው በአንዱ ስብከት፣ ብርሃናችሁን ሰው ይየው ይላል፤ ጥቂት ወረድ ብሎ ደግሞ ሰው እንዳያይ ተጠንቀቁ ይላል። ሳትለምኑት የሚያስፈልጋችሁን ያውቃል ይላል፤ ወረድ ብሎ ደግሞ ለምኑ ይላል። ቃል አታብዙ ይላል፤ ሌላ ቦታ ዳኛውን በመመላለስ ያሰለቸችውን መበለት ያመሰግናል። እኔ እንዲህ ያለ ፈተና ባወጣ ርዕሰ መምህሩ ይጠራኛል። የንስሐ አባታችን «አይጣሉም» ማለታቸው በወረቀት ላይ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ቤት ግን ተጣልተዋል፣ የተደበደብነውም እኛ ነን እያልኩ እናደድ ነበር። ተማሪዎቼ ውስጥ የደባርቅ ልጆች ነበሩ። «መምህር፣ አባትሽ የከብት ሐኪሙ ናቸው?» ሲሉኝ «ዘመዴ ናቸው» ብዬ አልፍ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ደባርቅ ሳለሁ የአባቴ እኅት ደረስጌ ላይ ማረፏ ተሰማ። መርዶ በመንገድ አይነገርም፤ ሰውየው መጀመሪያ ቤቱ መግባት አለበት። እናቴ እግሯን ያማት ስለነበር ጠጅ ቤት ሄጄ እንዳመጣው ላከችኝ። ከዚያ በፊት በሩን ረግጬው አላውቅም። ስገባ አግዳሚው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አባቴ ጥግ ላይ ብርሌውን ይዞ ተቀምጧል።

«እናቴ ትፈልግሃለች» አልኩት።

«እሺ፣ ይችን ልጨርስ።»

«አሁን ነው የምትፈልግህ!»

«እመጣለሁ አልኩ እኮ ልጀ» አለ፣ ረጋ ብሎ።

አክስቴ ሞታ፣ እሱ ሳያውቅ፣ «ይችን ልጨርስ» ሲለኝ የዓመታቱ ንዴት ገነፈለብኝ። ብርሌውን ከእጁ ነጠቅሁትና «ካልክስ እኔም ልጠጣ!» ብዬ ሰው ፊት ግጥም አድርጌ ጠጣሁት። መምህሯ፣ ነጠላ የለበሰችው፣ ጠጅ ቤት መሐል ቆማ። ከአግዳሚው አንዱ ሳቀ። ያ ሳቅ እስኪያልቅ ግን አፌ ውስጥ ያለው ነገር ግራ አጋባኝ። ጌሾ አልነካውም። አያቃጥልም፣ አይመርም። ማር በውኃ ነው፤ ለሕፃን የሚሰጥ ብርዝ። ቀለሙ ብቻ ነው ጠጅ የሚመስለው።

አባቴ አካባቢውን ቃኘት አደረገና «ተቀመጭ» አለኝ። ተቀመጥኩ። የጠጅ ቤቱ ባለቤት ከመደርደሪያው ወዲያ ሆና አየችን፣ ከዚያ እንዳላየች ሌላ ሰው ልትቀዳ ሄደች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ቆይቷል። ያን ጊዜ ጥቂት ጊዜ ጠጥቻለሁ፣ አልዋሽሽም። እንኳን ማረህ ሲሉኝ ጠማኝ። በየመንገዱ፣ በየቢሮው፣ ያ አምላክ ያወቀው የእኔ ነገር የሰው ሁሉ ሆነና ጠማኝ። ኋላ እንደገና ለመንኩት። እዚህ ቁጭ ብዬ ነው የለመንኩት። እትዬ ከጓዳ ለብቻ ታመጣልኛለች፤ ሌላ የሚያውቅ የለም።»

«ታዲያ ለምን እዚህ ትመጣለህ? ቤትህ አትቀመጥም?»

«ቤቴ ብቀመጥ ተወ ይባላል» አለና ፈገግ አለ። «ስትጾም ራስህን ቅባ፣ ፊትህን ታጠብ፣ ሰው እንዳያውቅብህ ተብሎ የለ? የእኔ ቅባት ይች ናት።»

መምህር ነኝ፤ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ብርሃናችሁ ይታይ የሚለውስ?»

«እሱም ልክ ነው። የእኔ ግን ሲታይ ጊዜ ጠፋ።»

«እናቴስ አባባ? በአንተ ነው ሰው ፊት አንገቷን የምትደፋው!»

ይህን ስለው ፈገግታው ጠፋ። ባዶውን ብርሌ በጣቱ ሲያዞር ቆየ። «ሁልጊዜ አስበዋለሁ። ግን ብነግራት ዝም ማለት አትችልም። እናትሽን ታውቂያታለሽ፣ ሌላ ጥላ ታስገባለች። እኔ ደግሞ ሁለተኛውን አልችለውም።» ከዚያ ዓይኖቼን አየና «ለእሷም ቢሆን እንዳትነግሪ» አለኝ። እሺ አልኩ። ወጣን፤ ቀጥ ብሎ ነበር የሚራመደው፣ ሁልጊዜም እንደዚያ ይራመድ እንደነበር ያን ዕለት ነው ያየሁት። ቤት ስንደርስ የእኅቱን መርዶ ነገርነው።

ከዚያ በኋላ ማፈሬ ዓይነቱን ለወጠ። በፊት የማፍረው በእሱ ነበር፤ አሁን እናቴ በየሰንበቱ አንገቷን ደፍታ ስትሄድ ባየሁ ቁጥር በራሴ ማፈር ጀመርኩ። አንዲት ቃል ብተነፍስ እሷ ቀና ትላለች፤ አንዲት ቃል ብተነፍስ እሱ ይወድቃል። ሁለቱም የሚወዱኝ፣ ሁለቱም ቃሉን የፈጸሙ ሰዎች ናቸው። እኔም ዝም አልኩ። ዳባት ስመለስ የደባርቅ ልጆች «አባትሽ ናቸው?» ሲሉኝ «አዎ፣ አባቴ ናቸው» ማለት የጀመርኩት ያኔ ነው። ይህችን ብቻ ነበር ላደርግለት የቻልኩት።

አባቴ በየዳ ክትባት ላይ ሳለ ወደቀ። በሰው ትከሻ አውርደውት መኪና እስኪያገኙ ድረስ አለፈ። የጤና ጣቢያው ሰዎች ደም ግፊት ነው አሉ። ከተማው ግን የራሱ ምርመራ ነበረው። ድንኳኑ ውስጥ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ የሰማሁት ሁሉ አንድ ነው። «ጠጁ ነው የጨረሰው።» «ደግ ሰው ነበር፣ ምን ዋጋ አለው፣ መጠጡ...» የንስሐ አባታችን እንኳ፣ አርጅተው በሰው ተደግፈው መጥተው፣ «እመቤታችን አንድ ጊዜ አንስታው ነበር፣ እሱ ነው ያልጸናው» ብለው አዘኑለት።

ይህን ስሰማ ተነሣሁ። ለመናገር ነው የተነሣሁት። ሞቷል፤ ከእንግዲህ ምን ይጠማዋል? ብርዝ ነበር ልል ነው፣ በድምፅ ማጉያ ቢሆን በወደድኩ። እናቴ የነጠላዬን ጫፍ ይዛ ወደ ታች ጎተተችኝ።

«ተይ» አለች በጆሮዬ። «እሱ ያልተናገረውን አንች አትናገሪ።»

ደንግጬ አየኋት። «ታውቂ ነበር?»

«ስንት ዘመን ከሰካራም ጎን ተኝቼ፣ ያልሰከረውን አላውቅም?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጀመረ ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም? ለምን ዝም ብለሽ ትዋረጃለሽ?»

«ማወቄን ያወቀ ዕለት ይጠጣል» አለች። ከዚያ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበች። «አንድ ጊዜ አስጠጥቸዋለሁ፤ በቃኝ።»

ከሊማሊሞ በኩል የመጣች ሴት እያለቀሰች ገብታ ከፊታችን ተቀመጠች። የእናቴን እጅ ይዛ ደረቷ ላይ አስጠግታ «አይ የኔ እናት፣ ምን ነበረበት ያን ጠጅ ቢተውልሽ!» አለቻት። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰማል። ሹክ ማለት የማታውቀው እናቴ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ «ምን ላድርገው እቴ፣ ለምኜ ለምኜ አልተወው አለኝ» አለች።

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው በአባቴ ያፈርኩ መስሎት፣ ለእኔ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።